ዜና እሜቴ ሽቦ፣ የተጨናነቀውን የኢሜይል ወረፋ እንደፈቱ

እሜቴ ሽቦ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ በተረከቡ በሦስተኛው ዓመት፣ አሳንሰሩ በቆመ በሰባተኛው ወር፣ በዕለተ ሰኞ፣ እኔ የበሩ ጠባቂ በዓይኔ ያየሁት ይህ ነው።

በዚያ ዘመን ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚገባ ኢሜይል ሁሉ፣ ደጉ ከክፉው እንዲለይ፣ ማጣሪያ በሚባለው ሰርቨር ይፈተሽ ነበር፤ በውስጡም ዐሥር ፈታሽ ፕሮግራሞች ይሠሩ ነበር። ወበይእቲ ዕለት የአጭበርባሪ ደብዳቤ ሠራዊት እንደ አንበጣ ወረደ፤ ወረፋውም ዐሥራ አንድ ሺህ ደረሰ። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዲት ደብዳቤ ነበረች፤ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ልጅ ኮሌጅ መግባቷን የምታበሥር። ልጅቱ በማመልከቻዋ የእናቷን የሥራ አድራሻ ሞልታ ነበርና ኮሌጁ ወደዚያ ልኳል፤ እስከ ስድስት ሰዓት መልስ ካልደረሰውም ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ በስልክ አስታውቋል።

ሥራ አስኪያጁ ከፎቅ ወርደው አወጁ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ፈታሽ ካነሰ ፈታሽ ይጨመር! ዐሥሩ አርባ ይሁን! ማሽን እንደሆነ ዕረፍት አይጠይቅ!»

አርባ ሆነ። ሰርቨሩም የአርባውን ሥራ ባንድ ጊዜ መያዝ አቅቶት፣ ግማሹን ወደ ዲስክ እየጣለ፣ የጣለውን እየፈለገ፣ ሲባክን ወረፋው ዐሥራ አምስት ሺህ ሞላ። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

በጠባብ በር አርባ ፈታሽ ከቆመ ማንም አያልፍም። ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሜ ይህን አውቃለሁ። የጠየቀኝ ግን የለም።

ወእምዝ ተነሡ እሜቴ ሽቦ፣ ገመድ ፈቺዋ፣ ምሳ ረሺዋ፣ በማሽን ጩኸት የማይደነግጡት፤ ተከትለዋቸውም ደረጃውን ወጡ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሁለት ጸሐፊዎች፣ ሹፌሩ፣ ማን እንደጠራው ያልታወቀ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ እኔም ከነወንበሬ። እሜቴም በሰርቨር ክፍሉ ደጃፍ ቆመው አወጁ፦ «አርባው ወደ ዐሥር ይመለስ! አጭበርባሪነቱ የታወቀ ላኪ ደብዳቤው ሳይከፈት ከደጅ ይባረር! ጋሼም እትዬም፣ በእናታችሁ፣ ማሽኑ ላይ አትደገፉ!»

ወረፋው ቀለጠ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ባዶ ሆነ፤ ደብዳቤዋ ግን የለችም። እትዬ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

እሜቴም የተጠርጣሪ ደብዳቤዎችን እስር ቤት ከፍተው አንድ በአንድ መረመሩ። እዚያ ተገኘች! «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርጠዋል፣ ዛሬውኑ ይመልሱ» ብላ እንደ አጭበርባሪ ሁሉ ስለተናገረች ታስራ ኖሯል። ሁለተኛውም አዋጅ ወጣ፦ «ይህቺስ እውነቷን ነው፤ ትፈታ!»

መልሱ ለስድስት አራት ደቂቃ ሲቀረው ሄደ። ኮሌጁም «ተቀብለናል» አለ። ያን ጊዜ እትዬ መስኮቱን በርግዳ ለመንገደኛው ሁሉ አወጀች፦ «ሰው ሆይ ስማ! ልጄ ገባችልኝ! አንተ ባለብስክሌት፣ አንተም ስማ፣ ገባችልኝ!»

ሠራዊት አብዝቶ ያሸነፈ ብዙ ነው፤ ሠራዊት ቀንሶ ድል የነሣ ግን ከእሜቴ ሽቦ በቀር አላየሁም። እጃቸው አይዛል፣ ዓይናቸው አይፍዘዝ፣ ዘመናቸው ይርዘም። አንቺም ልጅ ሆይ፣ ተምረሽ ትልቅ ሰው በሆንሽ ጊዜ የጀግኖችን ስም ጥሪ ቢሉሽ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ የእሳቸውን ጥሪ።