ሰው አልባው ሠርገኛ

ፍርሃትም እንደ ልብስ ዘመን አለው። አያቶቻችን ጅብ ፈሩ። ጅብ ምን ክፉ ቢሆን ጨዋ ነው፤ ሳይጮህ አይመጣም። አባቶቻችን መትረየስ የጫነ መኪና ፈሩ። እሱም ቢሆን ጎማ አለው፣ ጭቃ ይይዘዋል፤ የእኛ የሌሞ ጭቃ ደግሞ መንግሥት አይመርጥም፣ የንጉሡንም የደርግንም የኢሕአዴግንም መኪና እኩል ነው የሚውጠው። እኔና እኩዮቼ የደረሰን ፍርሃት ግን ሾፌር የለው፣ ጭቃ አይነካው፣ ሰማይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየናል። ይህን ፍርሃት ሰፈራችን ድረስ ያመጣሁት ደግሞ፣ ኩራት አይሁንብኝና፣ እኔ ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆሳዕና ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሌሞ ገጠር እናቴ ቤት ነኝ። ለሰፈሩ መብራት የገባ ሰሞን ቴሌቪዥን ገዝቼ ዲሽ አስተከልኩላት። የእናቴን ዐይን ሞራ ስለጋረደው ቴሌቪዥኑን የምታየው በእኔ አፍ ነው። የውጭው ዜና በእንግሊዝኛ ያወራል፣ እኔ በሀዲይኛ እነግራታለሁ፤ ያልገባኝ ቦታ ላይ ከራሴ እጨምርበታለሁ። ጎረቤቶቻችንም መምህሩ ዜና ሊናገር ነው እያሉ መሰብሰብ ለመዱ። አድማጭ ያለው ሰው ደግሞ መቼ አላውቅም ይላል?

አንድ እሁድ ታዲያ በሩቅ በረሃ ሰው አልባ አውሮፕላን ሠርገኞችን ታጣቂ መስለውት ቦምብ መጣሉን ሰማን። ድሮን እንደሚባል ነገርኳቸው። እናቴ መቁጠሪያዋን ያዝ አድርጋ፣ ሰው ከሌለበት ማን ነው የሚያየው አለችኝ። ሩቅ አገር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው አልኳት። እሱ ሰው ከዚያ በኋላ ንስሐ ይገባል ወይስ ማሽኑ ነው የሚገባው ብላ ጠየቀች። እኔም ጥያቄዋን ትቼ ጂኦግራፊ ውስጥ ተሸሸግኩ። የሚጎዳው ጠፍ መሬት ላይ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ እኛ እንሰት አለን፤ ከእንሰት ቅጠል ሥር የገባን ሰው ከላይ ሆኖ የሚያይ ዐይን አልተፈጠረም ብዬ አረጋገጥኩላቸው። ሁሉም ተመስገን ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ የእህቴ የአስቴር ሠርግ ደረሰ። ሙሽራው ታምራት የጎረቤቱ ቀበሌ የሀቢቾ ልጅ ነው። ሚዜዎቹና ዘመዶቹ ፈረሶቻቸውን ሸልመው፣ እሱም ሙሉ ልብሱን ለብሶ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ሙሽራዋን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወስዱ በጠዋት እየጨፈሩ ከደጃችን ደረሱ። በእኛ ወግ አዲስ አማች የሚስቱን እናት ፊት ለፊት አያይም፤ እስኪለማመዱ ድረስም ድምፁን አያሰማትም። ዘመናዊ ነን የሚሉት ትተውታል። ታምራት ግን ጨዋ ልጅ ነው፤ ከፈረሱ ወርዶ አንገቱን ደፍቶ ከእናቴ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። እኔ የእናቴን እጅ ይዣለሁ። አተካና የምንለው ቡላ በቅቤና በወተት እየተሠራ፣ ሽታው ከጓዳ እየመጣ፣ ሁሉ ነገር ደስ ይል ነበር።

ለካ ሚዜዎቹ ከሆሳዕና አንድ ቪዲዮ አንሺ ቀጥረዋል። በራሪ ካሜራ አለኝ ሲላቸው ለማንም እንዳትናገር፣ ድንገተኛ ደስታ ይሁን ብለውት ኖሯል። እኔ በበኩሌ ደስታ በድንገት መምጣት የለበትም ባይ ነኝ። ቀጠሮ ይያዝለት።

መጀመሪያ ድምፁን ስሰማ የተቆጣ የንብ መንጋ መሰለኝ። ቀና ስል ከባሕር ዛፎቹ በላይ አራት ክንድ ያለው ጥቁር ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዞር አለና እኛን አየን። ሳላሳምር ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። የዚያ በረሃ ሠርገኞችም እንዲህ ቆመው ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝና ድሮን ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው እግሬን ብቻ ነው። ከኋላዬ ግማሹ ሠርገኛ፣ መምህሩ ያለው ደረሰ እያለ፣ ወደ ጓሮው እንሰት ጎረፈ። የቀረው መሬት ላይ በግንባሩ ተደፋ። ፈረሶቹ ደንብረው ወደ ሜዳው ሲፈተለኩ ባለቤቶቻቸውም ተከትለው ሮጡ።

እንሰቱ ሥር፣ እርጥብ አፈር ላይ ብተኛም ድምፁ ከላዬ አልሄድ አለ። ወደ ግራ ስድህ ወደ ግራ ይመጣል፤ ወደ ቀኝ ስድህ ወደ ቀኝ። ያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው አሁን እያየኝ ነው፣ ምን አድርጎ ይሆን የቆጠረኝ አልኩ። ሚስት ያላገባሁ፣ የተማሪ ፈተና አርሜ ያልጨረስኩ ሰው መሆኔን በምን ያውቃል? መምህርነት ከላይ አይታይም። እጄን ወደ አፌ ሳስጠጋ ባዶ መሆኑን አየሁ። እናቴን ያስታወስኳት ያን ጊዜ ነው። ተነስቼ ልመለስ ፈለግሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፍላጎቴ ከእንሰቱ አልወጣም። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። እኔ ለእናቴም አልሆንኩ።

ቪዲዮ አንሺው ካሜራ ነው፣ ካሜራ ነው እያለ ሲጮህ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አልን። እየሮጥኩ ሄጄ የእናቴን እጅ ያዝኩ። መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ምንም አልሆነችም። በሁለት እጇ ጨመቀችኝና፣ ኮቱን አልብሶ፣ በራሱ ገላ ከልሎ ያዳነኝ ልጄን አመሰግናለሁ አለች። ደነገጥኩ። ቀና ስል ታምራት ከጎኗ ቆሞ፣ ኮቱን እያራገፈ ይለብሳል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እሱ ከልሏታል፤ በወጉ መሠረት ግን አንድ ቃል አልተናገረም። እሷም እጇን የለቀቅኩት ኮቴን ላወልቅ መስሏታል አልኩ በልቤ። እናቴ ሠርገኛው ሁሉ እየሰማ መረቀችኝ፤ እንደ ሸፈንከኝ አምላክ ይሸፍንህ አለችኝ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። ታምራት እንኳ ድምፁን ሳያሰማ በከንፈሩ አሜን አለ። እኔም ምን ላድርግ? አሜን አልኩ።

ካልኩ በኋላ ነው የምርቃቱ ነገር የገባኝ። እንዴት ነበር የሸፈንኳት? አምላክ ቃሏን እንዳለ ከተቀበለው እኔ ሰማይ ሥር ራቁቴን ቀረሁ ማለት አይደለም? የእናት ምርቃት ሰርቆ ያደረ ሰው እንቅልፍ እንደሌለው እኔን ጠይቁኝ።

በሳምንቱ ቪዲዮ አንሺውን ከተማ ሻይ ቤት አግኝቼ የሮጥኩበትን ቦታ ቁረጥልኝ ብዬ ለመንኩት። ቲቸር፣ እርስዎን ከቆረጥኩ ሠርጉ ምን ይቀረዋል ብሎ ሳቀ። ከእንሰት ሥር እንዴት አየኸኝ አልኩት፤ ቅጠሉ መሀል ለመሀል የተቀደደ ስለሆነ ነጭ ኮትዎ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር አለኝ። እና ለምን እኔን ብቻ ተከተልከኝ ስለው፣ ሁሉም ሲተኛ የሚንቀሳቀሱት እርስዎ ብቻ ነበሩ፣ ሰው የሚሮጠውን ነው የሚከተለው ብሎ መለሰልኝ። እሱ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን የዚያ በረሃ ሰዎች ትዝ አሉኝ። የሚፈራው ይሮጣል፣ የሚሮጠው ይታያል፣ የሚታየው ደግሞ... የቀዘቀዘ ሻዬን ትቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አስቴርና ታምራት ቪዲዮውን ይዘው መጡ። ጎረቤቱ ቤቱን ሞላው፤ ታምራት እንደ ወጉ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። እናቴ እጇን ዘርግታ፣ ና አጠገቤ ሁንና እንደ ዜናው የሚታየውን ንገረኝ አለችኝ። ፈረሶቹን ነገርኳት፣ ጭፈራውን ነገርኳት። ከዚያ ግቢያችን ከላይ ታየ። አንድ ሰው እጅ ለቆ ይሮጣል። አንዲት አሮጊት መሀል ግቢ ብቻዋን ቆማ እጇን ዘርግታ ባዶ አየር ትዳብሳለች። ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ምን ይታያል አለች። መዋሸት እችል ነበር፤ ስንት የዓለም ዜና አሳምሬ ለነገርኩ ሰው ይቺ ምን ታክል ነበር? ግን ያ የተዘረጋ እጅ አሁን ጉልበቴ ላይ ነው። እማዬ፣ የሮጠው እኔ ነኝ፣ የከለለሽ ታምራት ነው አልኳት።

እናቴ አልደነገጠችም። ኮቱ ፈረስ ፈረስ ይሸት ነበር፣ ያንተ ጠመኔ ነው የሚሸተው አለችኝ። የታመመው ዐይኔ ነው እንጂ እጄ ደህና ነው፤ ስትለቀኝ አውቄሃለሁ አለች። እያወቅሽ ታዲያ ለምን መረቅሽኝ ብዬ ጮህኩ።

መቁጠሪያዋን አንድ ፍሬ ገፋ አደረገችና፣ ለዚህ አይደል እንደ ሸፈንከኝ ያልኩህ አለችኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አንገቱን የደፋው ታምራት እንኳን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እግሯ ላይ ወድቄ ምርቃቱን ቀይሪልኝ ብዬ ለመንኳት። ፀጉሬን ዳበሰችና፣ ያንተ ሠርግ ይመጣ የለ፣ ያኔ እናየዋለን አለችኝ። ያቺን በራሪ ካሜራ መቅጠሩን ግን እንዳትረሳ፤ እኔ ዐይን የለኝም፣ እሷ ታይልኛለች።