ሎሚ በየትኛው አውሮፕላን ትሂድ?

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ውሻዋን ይዛ ውጭ አገር ልትሄድ ነው። መሄዷስ ይሁን፣ መልካም መንገድ ይሁንላት። እኔን የገረመኝ ሰባት አየር መንገድ በወረቀት ዘርዝራ መጥታ «ጋሼ፣ ለውሻዬ የትኛው ይሻላል?» ብላ ማማከሯ ነው። አንዱ ውሻውን ከወንበር ሥር ያስቀምጣል አለችኝ። አንዱ ከአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ፣ ከሻንጣ ጋር ይጭነዋል። ሌላው ደግሞ አፍንጫው አጭር የሆነ ውሻ አልወስድም ይላል። አፍንጫ ይለካሉ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ እኔ ከነአፍንጫዬ ያለ ጥያቄ አልፋለሁ።

ለምን እኔን እንደጠየቀችኝ ግን ገብቶኛል። በዚህ ሰፈር ድመት በአውሮፕላን ያሳፈረ ሰው ከኔ ሌላ አይገኝም። አሳፈርኩ ስል፣ እንግዲህ… እሱን አሁን አጫውታችኋለሁ፤ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያኔ ጎንደር፣ አራዳ፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አንዲት አክስት አለችኝ፣ እትዬ ጥሩነሽ። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያሏት እኔና አንዲት ቢጫ ድመት ነን። ከሁለታችን ማንን ታስቀድማለች ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ድመቷ ሎሚ ትባላለች። እኔ «አንተ ልጅ» ነው የምባለው፤ በአርባ ዓመቴ።

የእትዬ ጥሩነሽን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ጋረዳቸው። መጀመሪያ መርፌ ማስገባት አቃታት፤ ቀጥሎ በር ላይ የቆመ ሰው ግንድ ይሁን እኔ አትለይም። በኋላማ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀራት። ያያት ሐኪም አዲስ አበባ ላይ ቀጠሮ ያዘላትና ለብቻዬ ጠርቶ፣ ይኸ ቀጠሮ ካለፈ ሌላው የሚገኘው ዓመት ቆይቶ ነው፣ እስከዚያ ዓይኗ አይጠብቅም አለኝ። ቀጠሮው ለረቡዕ ጠዋት ነው። የአዲስ አበባው መንገድ ደግሞ በዚያ ሰሞን ለማኪና ተዘግቷል። ያለው አየር ብቻ ነው።

ይኸን ሁሉ አስረዳኋት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣ «ሎሚስ በምን ትሄዳለች?» አለችኝ።

ሎሚ ጎረቤት ትቆያለች አልኳት። እንግዲያስ እኔም ጎረቤት እቆያለሁ አለች። ዓይንሽ እኮ ነው አልኳት። ዓይን ተገኝቶ ሎሚን ካላየሁበት ምን ሊያደርግልኝ ነው አለች። ለዚህ ምን መልስ ትሰጣላችሁ? ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ምግብ እምቢ አለኝ። መዝገብ ቤት ተቀምጬ የመምህራንን ዝውውር ከሞቱት ዶሴ ጋር ሳቀላቅል ሰነበትኩ። እስከ ዛሬ በወረቀት ሞተው ደሞዝ የሚበሉ ይኖራሉ።

በመጨረሻ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድኩና አያ ደምሴን አገኘሁ። አያ ደምሴ የመንገደኛ ዕቃ የሚመዝኑ ሽማግሌ ናቸው። ሚዛናቸው ላይ ሠላሳ ዓመት ከመቆማቸው የተነሳ ሰውን ሲጨብጡ ክብደቱን ይነግሩታል። እኔን ጨብጠው «ሦስት ኪሎ ቀንሰሃል፣ ምነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

ምርጫው ሦስት ነው አሉ። አንደኛ የወታደር አውሮፕላን አለ። ሰው ካወቅክ ከነበግህ ትሳፈራለህ፣ ማንም አይጠይቅህም። ችግሩ ሐሳቡን አየር ላይ መቀየሩ ነው። አንድ የኮሶዬ ሰው አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ውሻ ይዞ ተሳፍሮ፣ አውሮፕላኑ ጥሪ መጣልኝ ብሎ አሥመራ ወረደ። ሰውዬው ሦስት ወር እዚያ ከርሞ ሲመለስ ውሻው በአማርኛ ቢጠሩት ዞር የማይል ሆኖ ቀረ። ሁለተኛ የሐሙሱ ትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው፤ እሱ እንስሳ የሚጭነው ከታች ሆዱ ውስጥ ነው፣ ደግሞም ቀጠሯችሁ ካለፈ በኋላ ነው የሚበር። ሦስተኛ የማክሰኞው ትንሹ ነው። ከፊት ዕቃው በመረብ ይታሰራል፣ ከኋላ ሰው ይቀመጣል፣ ሁሉም አንድ ቤት ነው። ድመቷን በቅርጫት አድርጋችሁ ከመረቡ ጫፍ ብናስራት፣ እትዬን ፊተኛው ወንበር ላይ ብናስቀምጣት፣ እጇን ዘርግታ ትነካታለች።

ሽማግሌውን ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ይኸው ተገኘ፣ የማክሰኞው።

የቀረው የይለፍ ወረቀት ነው። ያኔ ያለ ቀበሌ ወረቀት ንቅንቅ የለም። የቀበሌውን ሊቀመንበር ለድመትም ያስፈልጋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ምነው ባልጠየቅኩት። ሰውዬው ላብ አጠመቀው። አያስፈልግም ብሎ ነገ ካስፈለገ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ያስፈልጋል ካለ ደግሞ ድመት በየትኛው ቅጽ ትሞላለች? ጣሪያውን ሲያይ፣ እኔን ሲያይ፣ ጣሪያውን ሲያይ ቆይቶ በአክስቴ ወረቀት ግርጌ «ከነንብረቷ ትለፍ» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው። ሁለተኛው ለሎሚ መሆኑ ነው።

ማክሰኞ አዘዞ ደረስን። ሎሚ ተመዘነች፣ ቅርጫቷ ላይ ወረቀት ተንጠለጠለ። እትዬ ጥሩነሽ ጥላው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። እኔ መተንፈስ ጀመርኩ። በሳምንቱ ውስጥ የመጀመሪያዬ ትንፋሽ ይመስለኛል። ይኸኔ ጠራችኝ።

«አንተ ልጅ፣ አዙረሃታል?»

በኛ አገር ድመት ከቤት ወደ ቤት ስትወሰድ አፉ በታሰረ ነገር ከትተው ሦስት ጊዜ ያዞሯታል። አቅጣጫው ይጠፋትና ወደ ድሮ ቤቷ አትመለስም ይባላል። ጎንደሬ ሆኖ ይኸን የማያውቅ የለም። እቤት አዙሬያታለሁ አልኳት። ያ አይቆጠርም አለች፤ በማኪና ስትመጣ መንገዱን ሁሉ ስታሸት ነው የመጣችው፣ መዞር ያለባት የጎንደርን መሬት ከምትለቅበት ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብታመልጠኝና በእግሯ ልመለስ ብትል ዓባይ በረሃ ላይ ጅብ ይበላታል፣ እሷ ሳትዞር እኔ አልሳፈርም አለች። አውሮፕላኑ ደግሞ ሞተሩን እያስነሳ ነው።

ምን ቸገረኝ አልኩ። ሜዳው ላይ ወጣሁ፣ ቅርጫቱን በእጀታው ያዝኩ። እሷ ከአግዳሚው ላይ ትቆጥራለች። አንድ አለች፤ በዝግታ አዞርኩ። አዙር እንጂ ምነው ትፈራለህ አለች። ሁለት፤ ፈጠን አልኩ። የሳምንቱን ጭንቀት ሁሉ በዚያች ቅርጫት ላይ የተወጣሁ ሳይሆን አይቀርም፣ ሦስት ስትል እንደ ወንጭፍ ነው ያሽከረከርኳት። የክዳኑ ገመድ ተበጠሰ። ሎሚ ወጣች። ወዳጆቼ፣ በዚያ ሜዳ ብዙ ነገር ሲነሳ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ድመት ያለ መንደርደሪያ የተነሳ ግን አላየሁም። ከሰውም ከአጥርም በላይ አለፈች፣ ወዲያ ማዶ ሣር ውስጥ አረፈች፣ ቢጫ ጭራዋን አንዴ አየሁት፣ አለቀ።

«ጨረስህ?» አለችኝ እትዬ።

«ጨረስኩ።»

«ምነው ዝም አለች?»

«ዞሮባት ነው።»

ሸጋ አለች፣ ደስ ብሏት።

ባዶ ቅርጫቴን ታቅፌ ወደ አያ ደምሴ ሮጥኩ። እውነቱን ብነግራት ከዚያ አግዳሚ በሬ አይስባትም፤ ሎሚ ካልመጣች ብላ እዚያው ትቀራለች፣ አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ ረቡዕ ያልፋል፣ ዓይኗም አብሮ ያልፋል። ባልነግራትስ? እኒያን ሁለት ጆሮዎችና አሥር ጣቶች በምን ላታልል ነው?

አያ ደምሴ ነገሩን ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ሚዛን ክፍሉ ገብተው ከአሮጌ ጆንያ ላይ አንድ አመድማ ዝንጉርጉር ድመት በማጅራቱ አንጠልጥለው ወጡ። የዕቃ ክፍሉ የአይጥ ጠባቂ ነው፤ ጆሮው በግማሽ የለም።

«አያ፣ ይኸ እኮ ወንድ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ዓይኗ ይበልጣል ድመቷ?» አሉኝ። በእጃቸው መዘን አደረጉት፤ ከሎሚ ሩብ ኪሎ ያንሳል አሉና ቅርጫቱ ውስጥ ከተቱት። እንዳይጎድል ብለው ከምሳቸው አንድ ድንች ጨመሩበት።

በረርን። እኔ ከዚያ በፊት አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ግን መሬቱ ሲርቅ አላየሁ፣ ጣናን አላየሁ፣ ዓባይ ላይ ስንንገጫገጭ ሰው ሁሉ ስለት ሲሳል እኔ የማየው አንዲት የተሸበሸበች እጅ ብቻ ነው። እጇ ከቅርጫቱ ክዳን ሥር ገብታለች። ከሳች አለችኝ። ፍርሃት ያከሳል አልኳት። ቆይቶ የቅርጫቱ ሰውዬ በወፍራም ድምፁ አንዴ አንጎራጎረ። ድምጿ ጎረነነ አለች። ብርድ መታት አልኳት። ጣቷ ወደ ጆሮው መንገድ ስትጀምር ግን ውሃ ትጠጫለሽ ወይ ብዬ እጇ ላይ ገለበጥኩባት። ከአዘዞ አዲስ አበባ አምስት ጊዜ ነው ያጠጣኋት።

በማግሥቱ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ እጸልያለሁ። ግን ምን ብዬ ልጸልይ? ሐኪሙ ከተሳካለት እኔ ጉድ ፈላብኝ፤ ካልተሳካለት የእናቴ እህት ታወረች። ኃጢአቴን ልንገራችሁ፣ አንድ ጊዜ አንዱን ዓይን ብቻ አድንላት ብያለሁ። እሱም በሩቁ ብቻ እንዲያሳያት። ወዲያው ደንግጬ ሁለቱንም፣ ሁለቱንም አልኩ።

ሁለቱም ዳኑ።

ፋሻው በተፈታ ቀን ያረፍንበት ዘመድ ቤት ወሰድኳት። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ አንተ ልጅ ምነው እንዲህ አረጀህ አለችኝ። ቀጥሎ እጆቿን ዘረጋች፤ ያ ቀማኛ ዘሎ ጉልበቷ ላይ ወጣ። እኔ በሩ አጠገብ ነኝ። አየችው። አገላብጣ አየችው። ግማሹን ጆሮ አየች።

«ሎሚ እንዲህ ነበረች?»

የአዲስ አበባ ውሃ ቀለም ይለቃል አልኳት፤ የኔም ሸሚዝ እንደዚሁ ሆነ።

ደግሞ ከፍ አድርጋ ከሥሩ አየችው።

«ወንድም ሆናለች።»

ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። በዚያ ዘመን ዳቦ በሰልፍ ስለሆነ እግዜር ይስጠው፣ እስከ ማታ ቆየሁ። ስመለስ ነገሩን አላነሳችውም። የምትነግረኝን ቀን ስጠብቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሸንበቆ አከልኩ፤ አያ ደምሴ ቢጨብጡኝ ኖሮ ሚዛኑን ሰበርክ ባሉኝ፣ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ።

መመለሻችን ደረሰ። ቅርጫቱን አዘጋጀሁና ላዙረው ወይ አልኳት። «ተወው፣ አዙረህ አዙረህ ነው እንዲህ ያደረግሃት» አለችኝ።

አዘዞ ወረድን፣ አራዳ ገባን። ከማኪናው ስወርድ ደጃፉ ደረጃ ላይ ሎሚ ተቀምጣለች። ያቺው ሎሚ፣ ቢጫዋ፣ ወፍራለች እንጂ አልከሳችም። ጎረቤቶቹ ተሯሩጠው መጡ፤ የሄዳችሁ ዕለት ነው የመጣች፣ ከሰዓት በፊት ደጁ ላይ ተኝታ አገኘናት አሉ። ሦስት ጊዜ የዞረች፣ እንደ ወንጭፍ የተወረወረች ድመት፣ ከአዘዞ አራዳ። እኔ ስቆጥረው እኛ ገና ጣና ላይ ሳለን ደርሳለች።

እትዬ ጥሩነሽ በአዲሶቹ ዓይኖቿ ደረጃው ላይ ያለችውን አየች። ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን አየች። ከዚያ እኔን። እንዲህ ተደርጌ ታይቼ አላውቅም። የሐኪሙ ሥራ ሸጋ እንደነበረ ያኔ ነው ያረጋገጥኩት። ጎንበስ ብላ ሎሚን አነሳችና ጆሮዋን እያሻሸች እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ይቺ በየትኛው አውሮፕላን ነው የመጣች? ለሚመጣው ጊዜ በሱ እንሳፈር።»