የክቡር እጀ ስውር ንጹሕ ጓንት

ጥርስ ሕክምና የተማረ ሰው ሁሉ፣ እጁን የሚሰስት አስተማሪ አንድ ቀን ሳይገጥመው አልተመረቀም። ሌላውን ንፉግ ይለማመጡታል፤ እጁን የሚሰስተውን ግን ምን ይሉታል? የዚህ ክሊኒክ ተማሪዎች «ክቡር እጀ ስውር» ብለዋቸው አርፈዋል።

ክቡርነታቸው ሕመምተኛው ወንበሩ ላይ ጋደም እንዳለ አዲስ ጓንት ያጠልቃሉ። ከዚያ እጆቻቸውን ከጀርባቸው አጣምረው ይቆማሉ። ሥራው ሲያልቅ ምንም ያልነካውን ጓንት አውልቀው ይጥላሉ። «ይርዱኝ» ላለ ተማሪ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ለአንድ አፍ ሁለት እጅ ይበቃል።»

ይህ ንፉግነት ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን ያሳረራት «እሳቷ» የሚሏት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ማዶ ባለው ወንበር ያሉት ደጉ መምህር «እስቲ ወዲህ በይ» ብለው ጉጠቱን ይቀበላሉ፤ በአምስት ደቂቃ ነቅለው፣ ተማሪው ራሱ የነቀለ ያህል የልምምድ ደብተሩ ላይ ይፈርማሉ። እዚያ የተመደበችው ጓደኛዋ ደብተሯ ከሞላ ሰንብቷል። ጥርስ ሲነቀልም በቅርብ ሆና አይታለች።

ክቡርነታቸው ዘንድ ግን መርፌ ለመያዝ መጀመሪያ መወጋት ግድ ነው። ከተማሪው ሁሉ እጁ የሚንቀጠቀጠውን መርጠው እሳቷን ማደንዘዣ አስወጓት። ግማሽ ከንፈሯ ደንዝዞ፣ የጠጣችው ውሃ በአገጯ እየወረደ ብሶቷን ልትናገር ስትኮላተፍ፣ «ምን ተሰማሽ? ጻፊው» አሏት። ጻፈችው። የጻፈችውን ለጨዋ ሰው ማንበብ አይመችም።

በመጨረሻ አንድ ፊርማ ቀራት፦ የታች መንጋጋ ጥርስ ብቻዋን መንቀል። እሱ ካልተገኘ ዓመቱን መድገም ነው፤ እናቷ ደግሞ በሰፈሩ ሁሉ «ዶክተሬ» ብላ ጠርታት ጨርሳለች። የደረሷት ሕመምተኛ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ በግራም በቀኝም የተበላ መንጋጋ አላቸው። ራጁን መብራቱ ላይ ሰቀለች፣ አየችው፣ ማደንዘዣውን አዘጋጀች።

«ጣትሽን ጥርሱ ላይ አድርጊ፤ የትኛው እንደሆነም ጮክ ብለሽ ተናገሪ» አሉ ክቡርነታቸው። ሁሌም የሚሉት ነው። ፊደል የምትቆጥር ሕፃን አደረጓት እኮ! እየተንጨረጨረች ጣቷን አስቀመጠች።

«የግራ ታች፣ ሁለተኛው መንጋጋ።»

ሾፌሩ እጇን ቀስ አድርገው ከአፋቸው አወጡ። «ልጄ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የቀኙ ነው።»

ለካ ራጁን ገልብጣ ነው የሰቀለችው። ፊቷ ፍም መሰለ። ወደ መምህሩ ተጠግታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አይተውት ነበር?»

«ስትሰቅዪው አይቻለሁ።»

«አይተው ዝም አሉ?»

«መርፌውን ብታነሺ እጅሽን እይዘው ነበር።»

ይሄ መልስ ነው? ሰው ገደል አፋፍ ሲደርስ ቆሞ ማየት ማስተማር ከተባለ፣ ገደሉም መምህር ነው። ሐፍረቱን ቁጣው ዋጠው። ራጁን አቃንታ ሰቀለች፣ የቀኙን አደነዘዘች፣ ጉጠቱን አነሳች።

ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። ገፋች፣ ሳበች፤ ክንዷ ዛለ። ማዶ ጓደኛዋ ደጉን መምህር እየተሰናበተች ነው። እሳቷ የእናቷ «ዶክተሬ» ጆሮዋ ላይ ጮኸባት፣ ኩራቷንም ዋጥ አድርጋ፣ «ይጨርሱልኝ» አለች።

«ምን አየሽ?»

ጉጠቱን ልትወረውርባቸው ምንም አልቀራት። ግን ዓይኗ ወደ ራጁ ሄደ። «ሥሩ ወደ ኋላ ቆልመም ብሏል» አለች ቀስ ብላ። «እኔ የምታገለው በማይሆን በኩል ነው።»

«እንግዲያ?»

አያያዟን ለወጠች። ሥሩ ወደሚሄድበት፣ በዝግታ። መንጋጋው ከነሙሉ ሥሩ ወጣ። ሾፌሩ በደነዘዘ አፋቸው መቼ እንደምትጀምር ጠየቋት።

አሁን የልቧን ልትነግራቸው ደብተሯን ይዛ ዞረች። ክቡርነታቸው ለመፈረም ያንን ንጹሕ ጓንት እያወለቁ ነበር። ከውስጡ ላብ ወረደ። ጣቶቻቸው ከጠዋት እስከ ማታ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው ጣት መስለው ተጨማደዋል፤ የእሷ እጅ እንኳ እንዲህ አልራሰም። እስክሪብቶው አንዴ አመለጣቸው፣ ደግሞ አመለጣቸው።

እንዲህ ሲጨነቁላት ኖረው አለመናገራቸው ሌላ በደል ነው! እንደተናደደች ወደደቻቸው። ደብተሩን ልትይዝላቸው እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ፣ እስክሪብቶው እስኪጸናላቸው ቆማ ጠበቀች።