ስልኬ ሳይጮህ ቢኒ ሰርቨሩ ውስጥ ገባ

እናንተዬ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ «አንቺ? አይደረግም!» ነው የምትሉት።

ተደርጓል! በደንበኛ ፊት፣ በአለቃዬ ፊት፣ ያውም አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መሳቅ የፈለገ ከአሁኑ ይጀምር፣ አልቀየምም።

የምሠራው ካዛንቺስ፣ ያልፈረሰው በኩል፣ አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ነው። ነጋዴዎች የዕቃና የሽያጭ መረጃቸውን ይሰጡናል፣ እኛ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ አስቀምጠን እንጠብቅላቸዋለን። የሰርቨሩ ጠባቂ ማን ናት? እኔ! እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ይህን የምለው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ዛሬ ጋሽ ከድር ሊመጡ ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ትልቅ የቤት ዕቃ ማከፋፈያ ያላቸው ሰው ናቸው። ድሮ ያሠሩት ሲስተም ውስጥ ማን እንደገባ ሳይታወቅ መረጃቸው ተበለሻሽቶባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያምኑም። እሳቸውን ካሳመንን ሥራው የእኛ ነው። ሥራው የእኛ ከሆነ ደግሞ ፕሮጀክቱን የምመራው እኔ ነኝ፤ አለቃችን ሂሩት በገዛ አፏ ነግራኛለች።

ታዲያ ስለ ሴኩሪቲው ለጋሽ ከድር ማን ያስረዳ? ይሄ ይጠየቃል?

ጠዋት ከቤት የወጣሁት እየሮጥኩ ነው። ቤታችን ቡልጋሪያ ሰፈር ነው። እማዬ አስተማሪ ስለሆነች ቀድማኝ ትወጣለች፣ በሩን የምቆልፈው እኔ ነኝ። እና በየቀኑ፣ እላችኋለሁ በየቀኑ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትደውልና «በሩን ቆልፈሽ ነው የወጣሽው?» ትለኛለች።

የሰርቨር ጠባቂ የሆነችን ሴት! ይሄ ስድብ አይደለም?

አሁን ትንሽ ቴክኒክ አለች፣ ታገሱኝ። ቀላል ናት።

ሰርቨሩ ውስጥ ለመግባት ፓስወርድ ብቻ አይበቃም። ስልኬ ላይ ኮድ ይላካል፣ እሱን ሳስገባ ይከፈትልኛል። ችግሩ ኮዱ የሚመጣው ደስ ባለው ሰዓት ነው። ኔትወርኩ ከደበረው ስልኬ ላይ አፍጥጬ መቀመጥ ነው። አንድ መስኮት በከፈትኩ ቁጥር ደግሞ እንደገና ኮድ! በቃ ቀኑ እንዲሁ ያልቃል።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ኮኔክሽኑን ማጋራት! አንዴ ኮድ አስገብቼ ስገባ ኮምፒውተሩ ላይ ሶኬት የሚባል ነገር ይፈጠራል። የግድግዳውን ሶኬት እርሱት፤ ይሄ ፎልደር ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፋይል በሉት። ከዚያ በኋላ የምከፍታቸው መስኮቶች ሁሉ በእሱ በኩል፣ በተከፈተው መስመር ሰተት ብለው ይገባሉ። ኮድ የሚባል ነገር የለም። መስኮቱን ብዘጋው እንኳ መስመሩ ለሰዓታት ክፍት ሆኖ እንዲጠብቀኝ አድርጌዋለሁ።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ።

አጠገቤ የሚቀመጥ ቢኒ የሚባል ፕሮግራመር አለ። ያኔ ሶኬቱን ሳዘጋጅ «ቤዚ፣ የጋራው ፎልደር ውስጥ ጣይው፣ ምን ያካብድሻል?» ብሎኝ ነበር።

የጋራ? ማንም እጁን የሚሰድበት ቦታ? ነውር ነው! የተደበቀ ፎልደር ሠራሁለት፣ ፈቃዱን «ባለቤቱ ብቻ» አደረግኩት፣ ቢኒንም ስለ ጥንቃቄ ረዥም ትምህርት ሰጠሁት። እያዛጋ ሰማኝ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ቢሮአችን ውስጥ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ሁላችንም እሱ ላይ ነው የምንራኮተው። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል። ለመግባት እንዳያስቸግር ብለን አካውንቱም አንድ ነው፤ ስሙ «ቢሮ» ይባላል፣ ፓስወርዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔም ሥራዬ መሃል ላይ እንዳይቋረጥብኝ ሶኬቴን የሠራሁት እዚያው ነው።

ገባችሁ አይደል? እኔ ግን አልገባኝም ነበር።

ጋሽ ከድር ሲመጡ መብራት የለም። ሊፍት ቆሟል፣ በደረጃ ወጥተው እያለከለኩ ገቡ። ሁላችንም ዩፒኤሱ ያለበት ኮምፒውተር ጋ ተሰበሰብን። ሂሩት ወንበር አቀረበችላቸው፣ እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«ጋሽ ከድር» አልኩ፣ «እዚህ ሰርቨር ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አይገባም። ልግባ ያለ ሰው ካለ ይቺ ስልክ ትጮሃለች። እንደውም እርስዎ ይያዙልኝ!»

ስልኬን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ድፍረቴን አያችሁልኝ?

የቆየ መስመር ካለ ዘግቼ በአዲስ ገባሁ። ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አድርገው ኮዱን አንድ በአንድ አነበቡልኝ፣ አስገባሁ፣ ተከፈተ። ፊታቸው በራ። ሂሩት ከኋላቸው ሆና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እኔ መስኮቱን በኩራት ዘጋሁት።

«ሌላ ሰው ቢሞክርስ?» አሉ ጋሽ ከድር።

እዚህ ላይ «አይችልም» ብዬ ሻይ ማስመጣት ነበረብኝ።

«ማንም ይሞክር! ቢኒ፣ ና ቁጭ በል። ግባ እስቲ!»

ቢኒ ግራ ገብቶት አየኝ። «እውነት ልግባ?»

«ከቻልክ!»

ተቀመጠ። አንድ መስመር ጻፈ።

ገባ።

ጋሽ ከድር ስልኬን ገለበጡት፣ ጆሯቸው ጋ አስጠጉት፣ እንደገና አዩት።

«ስልክሽ አልጮኸም እኮ» አሉ።

ውይ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቢኒ ሊረዳኝ ፈልጎ፣ ልብ በሉ ሊረዳኝ ፈልጎ፣ «ኧረ እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምገባው! ቤዚ ለሁላችንም ያዘጋጀችልን መስሎኝ ነው» አላለም?

በቀደም ማኪያቶ ጋብዞኝ ነበር። ለምኑ ነው ስለው «ለውለታሽ» አለኝ። እኔ ደግሞ ልጁ ወደደኝ ብዬ...

ተዉት እሱን።

ነገሩ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። ፎልደሩን «ለባለቤቱ ብቻ» ብዬ ቆልፌዋለሁ፣ እውነት ነው። ግን ኮምፒውተሩ ቤዛዊት የምትባል ሴት አያውቅም። የሚያውቀው «ቢሮ» የሚባል ባለቤት ነው። «ቢሮ» ደግሞ ሁላችንም ነን! እኔ የተውኩት መስመር ክፍት ነው፣ ቢኒ በዚያው አካውንት ቁጭ ሲል ኮምፒውተሩ እኔ የተቀመጥኩ ነው የመሰለው። ማን ያውቃል፣ ስንቱ በስሜ ሲወጣና ሲገባ ከርሟል!

ሂሩት «ቤዛዊት» አለችኝ። ሙሉ ስሜን የምትጠራው ስትናደድ ነው።

ጋሽ ከድር ተነሱ። የተቆጡ አይመስሉም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። «ዙህር ደርሷል» አሉ። «ሰግጄ፣ ምሳዬንም በልቼ እመለሳለሁ። ስመለስ ይሄ ልጅ እንደገና ይቀመጣል። ስልኩ ካልጮኸ ሻያችንን ጠጥተን በሰላም እንለያያለን።»

ወጡ።

አሁን እናልቅስ ወይስ እንሥራ? እኔ አልቅሼ የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ ማለቴ ቢሮ ውስጥ። እጅጌዬን ሰበሰብኩና ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ክፍት የነበረውን መስመር ዘጋሁት። ከዚያ «ቢሮ» የሚባለውን አካውንት አሰናበትኩት። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን አካውንት ከፈትኩ፤ «ፓስወርዳችሁን ለእኔም እንዳትነግሩኝ!» እያልኩ። የእኔ ሶኬት የእኔው አካውንት ውስጥ፣ የእኔው ፎልደር ውስጥ ገባ። ሥራዬን ከጨረስኩ ደግሞ መስመሩ ብዙ ሳይቆይ እንዲዘጋ አደረግኩ። ምሳ የበላ የለም። መሃል ላይ ዩፒኤሱ ባትሪው እያለቀ ማልቀስ ሲጀምር እኔም ልከተለው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ደግነቱ መብራት መጣ።

ስልኬ አንዴ ጮኸ። እማዬ ናት። አላነሳሁም። በዚህ ሰዓት ስለ በር የማወራበት አንጀት አልነበረኝም።

ጋሽ ከድር ተመለሱ፣ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኬን ሰጠኋቸው።

በዚህ ጊዜ ጉራ የለም። በራሴ አካውንት ገባሁ፣ መስመሬን ሆን ብዬ ክፍት ተውኩት፣ ተነሳሁ። ቢኒ በራሱ አካውንት ገባ። ፎልደሬን ሊከፍት ሞከረ፤ አይፈቀድም አለው። እሰይ! ቀጥሎ በእኔ ስም ሰርቨሩን አንኳኳ። የሰርቨሩን ፓስወርድ ራሴ ነገርኩት፣ ፈተናው እንዲከብድ። በኋላ ቀይሬዋለሁ፣ አትቸኩሉ!

ኮምፒውተሩ ኮድ ጠየቀው።

ሁላችንም ስልኩን አየን።

ስልኩ ዝም።

ያ የተረገመ ኔትወርክ! መጠበቅ ነው። ሂሩት ጥፍሯን ትበላለች። ቢኒ አንገቱን ደፍቷል። ጋሽ ከድር ስልኩን እንደ ወፍ ጫጩት በሁለት እጃቸው ይዘውታል። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሻለሁ።

ጮኸ!

ጋሽ ከድር ደንግጠው የሆነ ነገር ነኩ። የእናቴ ድምፅ በስፒከር ቢሮውን ሞላው።

«አንቺ ልጅ፣ ለምንድን ነው የማታነሺው? በሩን ቆልፈሽ ነው የወጣሽው?»

ሰው ከሳቅ ብዛት ወንበር ላይ መቀመጥ ሲያቅተው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቢኒ እንደዚያ ነው የሆነው።

ጋሽ ከድር ግን ፈገግ እንኳ ሳይሉ «እህቴ» አሏት፣ «ገና አሁን እየቆለፈች ነው። ቆየት ብለው ይደውሉላት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋችው። ማን እንደሆኑ እንኳ አልጠየቀችም።

ወዲያው ኮዱ ገባ።

ቢኒ እንባውን እየጠረገ «ጋሽ ከድር፣ ኮዱን ያንብቡልኛ» አላቸው። እሳቸው ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«ሂድ ወዲያ! አንተ ማን ነህና?»

ያኔ ነው እንዳለፍኩ ያወቅኩት። ሰውየው ራሳቸው ጠባቂ ሆነዋል!

ሻይ መጣ፣ ግን የስንብት አልነበረም። ሥራውን ሰጥተውናል። አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ ሱቃቸው ውስጥ ያሉት ልጆችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አካውንት ይኑራቸው፣ «የሁሉም» የሚባል ነገር አልፈልግም አሉ። ደረጃው ጋ ስሸኛቸው «አፍሽ ይቀድማል እንጂ ልጄ፣ እጅሽም አይሰንፍም» ብለውኛል። ይሄን ላይክ አድርጉልኝ፣ ሙገሳ ነው!

ሂሩትም ቃሏን ጠብቃለች። «ፕሮጀክቱን አንቺ ትመሪዋለሽ» አለችኝ፣ «ደንበኛ ፊት የሚናገረው ግን ቢኒ ነው።» ይሁን፣ አልከራከርም።

በዚህ አጋጣሚ እናንተም ቢሮ የጋራ አካውንት ካላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለዩት። በሩን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁት፣ ሰፈሩ በሙሉ በእናንተ ስም ከገባ ምን ዋጋ አለው? ከእኔ ተማሩ። እኔ አሁን በዚህ ጉዳይ ፕሮፌሰር ነኝ።

ይህን የምጽፈው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው፣ ቡልጋሪያ ልደርስ ነው። እማዬ ሦስተኛ ጊዜ ደውላ ነበር። ጉዴን ሁሉ ነገርኳት፣ ስቃ ስቃ ስታበቃ «እሺ፣ የጠየቅኩሽን ግን አልመለስሽልኝም» አለችኝ።

«እንዴ እማዬ! እኔ እኮ የሴኩሪቲ ሰው ነኝ!» ብዬ ዘጋሁት።

ግን ጠዋት እየሮጥኩ ነበር የወጣሁት አላልኳችሁም?

እናንተዬ... ቆልፌዋለሁ እንዴ?