ጠላት የሌለው ጠብመንጃ

ዒላማ ማለት ምንም ያላጠፋ፣ ማንንም ያልሰደበ፣ የሰው ድንበር ያልገፋ፣ ዳሩ ግን እንዲተኮስበት ተብሎ ሜዳ ላይ የቆመ ነገር ነው። ቅል ሊሆን ይችላል፤ ጣሳ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ክብ የተሣለበት ወረቀትም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር በእሱና በተኳሹ መካከል ቂም አለመኖሩ ነው። ይህን ትርጉም አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ እኔ ይዤው ስዞር የሚቀበለኝ ሰው አጥቻለሁና።

በሌላው ዓለም ሰው የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ወረቀት ተኩሶ፣ የበሳውን አይቶ፣ ተደስቶ ቤቱ ይገባል አሉ። በእኛ አገር ግን ጠብመንጃ እንደ ደብዳቤ ነው፤ ተቀባዩ ሳይታወቅ አይጻፍም። መኪና ብትገዙ «እንኳን ደስ አለህ» ትባላላችሁ። ጠብመንጃ ስትገዙ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ነካህ?» ይላችኋል።

እኔን ማንም አልነካኝም። ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ግሽ አባይ ሰፈር ከባለቤቴ ከሰብለ ጋር እኖራለሁ። በሽታው የያዘኝ ገጠር ሰርግ ሄጄ ነው። ሚዜዎቹ ቅል ሰቅለው በአሮጌ ምንሽር ሲተኩሱ፣ እንግዳ አክባሪዎች ናቸውና ለእኔም አቀበሉኝ። ቅሉ ተበተነ። እልልታው ቀለጠ። ዕድሜዬን ሙሉ የጥይትን ጉዞ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥል የኖርሁ ሰው፣ ጥይቷ እውነትም እንደምለው መሄዷን ሳይ ምን እንደሆንሁ እናንተው ገምቱት።

መንገዱ ሁሉ ሰላም፣ ኬላውም ጥቂት በነበረበት ጊዜ ነው። ደቅ ደሴት ላይ የሚሸጥ ምንሽር አለ ሲሉኝ በጀልባ ተሻገርሁ። ባለቤቱ መሪጌታ አድማሱ የሚባሉ አዛውንት የቅኔ መምህር ናቸው። ጠብመንጃው የአባታቸው ነው፤ ከድሮ ጦር ሠራዊት የተረፈ፣ አምስት ጎራሽ፣ ሰደፉ ከእጅ ብዛት እንደ መስተዋት የሚያበራ። የእሳቸው ዓይን ደክሟል፤ ልጆቻቸውም ከተማ ገብተው ቀርተዋል።

«ልጄ፣ ጠላትህ ማን ነው?» አሉኝ፤ ልክ ሐኪም «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» እንደሚለው።

«ጠላት የለኝም፣ መሪጌታ። ለመዝናኛ ነው። ዒላማ ልተኩስበት።»

አተኩረው አዩኝ። «ምን? ቅል?»

«ቅልም፣ ጣሳም፣ ያገኘሁትን።»

«ደግ ነው» አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። «ምሥጢሩን የማያወጣ ሰው ደስ ይለኛል።»

ፈቃዱን በደንቡ አዛወርን፤ ጠብመንጃውን በጋቢ ጠቅልዬ ተመለስሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። መሪጌታ ግን እንቅልፍ አጡ። የአባታቸው ጠብመንጃ በሰው ደም እንዳይጨማለቅ፣ ይህ ዝምተኛ መምህር የተጣላውን ሰው ፈልጎ ማስታረቅ የነፍስ ዕዳ ሆነባቸው። ስለዚህ ወደ ባሕር ዳር ለሚሻገር ሰው ሁሉ «እባካችሁ፣ የግሽ አባዩ መምህር ከማን ጋር እንደተጣላ አጣርታችሁ ንገሩኝ» ይሉ ጀመር። ክፉ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያስብም። ለዚህ ለዚህ ደግ ሰው ያስፈልጋል።

ሰፈሩ ተማከረ። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል፤ የእኛ ሰፈር ሐሳብ ሲያጥረው ሌላ ወሬ ይጨምርበታል። በመጨረሻ አንዲት ሴት አገኘችው፤ «ከአቶ ሙላት ጋር ሰላምታው አጭር ነው» አለች። አቶ ሙላት አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ፣ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው። እውነት ነው፣ ሰላምታዬ አጭር ነው። ከሁሉም ጋር አጭር ነው። እኛ ዘንድ ግን ደህና ማደሩን ጠይቆ፣ ልጆቹን፣ ዘመዱን፣ የአገሩን ዝናብ ሳይጠይቁ ማለፍ ክስ ለመመሥረት ይበቃል።

አቶ ሙላት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ያውቃል። መጥቶ «እውነት ነው ወይ?» አላለኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር ባለቤቱ አይጠየቅም። መጀመሪያ ልጆቹ ወደ አክስታቸው ቤት ሄዱ። ቀጥሎ በዚያ ሁሉ ሙቀት ወደ እኛ የሚያየው መስኮት ተዘጋ። ከዚያ ታላቅ ወንድሙ አያ ጎሹ ከማክሰኝት መጣ። ጋቢውን ደርቦ፣ ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በእነሱ ግቢ አጥራችን ጥግ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጠ።

«ይኸ ሰውዬ ከጧት ጀምሮ የእኛን በር ነው የሚያየው» አለችኝ ሰብለ።

«እንግዳ ነው፤ ከተማውን እያየ ይሆናል።»

«ከተማው በዚያ ነው» አለች፣ በአገጯ ወደ ሐይቁ እያመለከተች።

ምን እንደሆነ የነገረቻት የዕቁብ ጓደኛዋ ናት፤ ሰብለም ለእኔ ነገረችኝ። ለካ ሰው፣ የሚገድለው ሰው እንዳለው ከሌላ ሰው ሊሰማ ይችላል! ሄጄ ላስረዳው ብል፣ ያንን ቃታ ማን ያስረዳልኛል? ጠብመንጃውን ይዤ ብወጣ ልገድል ነው፤ ባዶ እጄን ብወጣ ቦታ ልሰልል ነው፤ ቤት ብቀመጥ እያደባሁ ነው። ስንት ነገር በስሌት የፈታ ጭንቅላት አንድ መውጫ ብቻ አገኘ፤ ጠብመንጃውን ለመሪጌታ መመለስ።

በማግስቱ ጧት በጋቢ ጠቅልዬ በሩን ከፈትሁ። ደጃፉን ስሻገር ጋቢው ተንሸራተተና አፈሙዙ ብቅ አለ። አያ ጎሹ ብድግ አለ። ሲያቀባብል ሰማሁት።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህሁ።

በዚያው ቅጽበት እሱም «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ።

እንደምታውቁት በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ያነሳው ዱላ አየር ላይ ቢሆን እንኳ፣ ገላጋይ እስኪመጣ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሁለቱም ወገን በሕግ አምላክ ሲባል ምን እንደሚደረግ ግን አባቶቻችን አልነገሩንም። እሱ ወደ ደረቴ እንዳነጣጠረ፣ እኔ ግማሹ ጋቢ ውስጥ ያለ ምንሽር እንደታቀፍሁ፣ ደርቀን ቀረን። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ መጥረግ አልቻልሁም። ያኔ ከዛፉ አንድ ማንጎ ተቆርጦ የቤቴ ቆርቆሮ ላይ ወደቀ። ዷ! የአያ ጎሹ ጣት ቃታው ላይ ስትዘል አየሁ።

አልሳበውም።

ሰብለ ከኋላዬ ወጣች። አልሮጠችም። በአጥሩ ክፍተት አልፋ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አፈሙዙ ላይ ጣል አደረገችና፣ «አያ ጎሹ፣ ቁርስ ቀምሰዋል?» አለች።

«አልቀመስሁም» አለ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት እየመለሰ።

የአቶ ሙላት ስም ደቅ ድረስ ደርሷቸው ኖሮ መሪጌታ በመጀመሪያው ጀልባ ደረሱ፤ ጠላቴን በማግኘታቸው ፊታቸው በርቷል። ሽማግሎች ማንጎው ሥር ተቀመጡ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው፤ ቂማችሁን አውጡ» አሉን መሪጌታ። እኔ የለኝም አልሁ። አቶ ሙላትም ማለ። «እንግዲያው እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» ብለው ተቆጡ። ቂም የሌለውን ሰው ማስታረቅ የማይቻል ነገር ነው፤ ሽማግሎቹም ሳያስታርቁ አይነሱም። ጥላው ከእኛ ላይ ሄደ፤ ፀሐዩ አናታችንን መታው። በመጨረሻ እንዲለቁን ብዬ ብቻ «ማንጎው» አልሁ።

«ማንጎው ምን ሆነ?»

«ሌሊት ሌሊት ቆርቆሮዬ ላይ ይወድቃል። በወደቀ ቁጥር እባንናለሁ! ቅርንጫፉን ልቁረጥልህ የማይለኝ ጎረቤት...» ድምፄ ከፍ አለ። ለካ እውነትም ተቆጥቻለሁ። ለካ ከከረመ ቁጣ ጋር ነው በሰላም የምኖረው።

አቶ ሙላት ከመቀመጫው ተነሣ። «አንተስ? እኔ በጧት ከቤቴ ስወጣ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ስትለኝ ይህን እላለሁ፣ የማክሰኝት ዝናብ እንዴት ነው ስትለኝ ያንን እላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነው የምወጣው! አንተ ‹እንደምን አደርህ› ብለህ ታልፋለህ። መልሴ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ እኮ!»

ሽማግሎቹ በእፎይታ ተያዩ። «ይኸው ተገኘ!» አሉ መሪጌታ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ቅርንጫፉ ይቆረጥ። እኔ ሰላምታዬን እስከ መጨረሻው ላድርስ። ጠብመንጃው አቶ ሙላት ቤት ይቀመጥ፣ ጥይቱ እኔ ቤት፤ ዒላማ መተኮስ ካማረን አብረን እንሂድ። አያ ጎሹ ሲሰናበተኝ አቅፎ ሳመኝና በጆሮዬ «ለእውነቱ ግን፣ ማንን ነበር?» አለኝ።

«ቅል።»

«ወንድ!» ብሎ ትከሻዬን መታ።

ምንሽሩ አቶ ሙላት ሳሎን ተሰቅሏል፤ ጥይቱም እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። አብረን እንድንተኩስ ሁለታችንም ፈቅደናል። ቅዳሜ እሱ ፈረቃ አለበት፤ እሑድ እኔ አልተኩስም። የቀረውን ቀን ሰላምታው ይወስደዋል። ጠብመንጃው እስካሁን አልተተኮሰም።