በሩ ሲከፈት የሚጮኸው ስልኬ

በር የተሠራው ሊዘጋ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ካጋጠማችሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ኖሮ የማያውቅ ነው፤ እለፉት። እዚያ በር ጠዋት ይከፈታል፣ መጋረጃ ይለቀቅበታል፣ አለቀ። እስኪመሽ ድረስ ከደረጃው የሚለያችሁ ያ መጋረጃ ብቻ ነው። ጎረቤት «ቤቶች!» ይልና መልስ ሳይጠብቅ አንገቱን ያስገባል። ወንፊት የፈለገች ትገባለች፣ ወጥ ያረረባት ትገባለች፣ ምንም ያልፈለገችም ትገባለች። በቀን የተዘጋ በር ያየ ሰው ወይ ባለቤቱ አገር ቤት ሄዷል ይላል፣ ወይ አንድ ነገር ሆኗል ብሎ ይሰጋል፤ በሁለቱም ሳያንኳኳ አያልፍም።

ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከእናቴ ጋር ዓመታት ኖሬበታለሁ። ትዳር ይዤ ሰሚት፣ ግቢ ያለው ቤት ስገባ ግን ሁሉም ነገር ከአእምሮዬ ጠፋ። ሰው የራሱ የግቢ በር ሲኖረው ይጃጃላል መሰለኝ። እናቴን ነይ አብረን እንኑር ብላት «ከዘይነባ ተለይቼ የት አባቴ እገባለሁ?» አለችኝና አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ቀረች። ዘይነባ የፊት ለፊት ጎረቤቷ ናት። ከሕንፃው ሥር ሱቅ አላት፤ ሱቋን ልትከፍት ስትወርድ በእማዬ መጋረጃ አንገቷን አስገብታ «እማማ አስካለ፣ እንዴት አደሩ?» ሳትል ቀርታ አታውቅም ነበር።

ታዲያ አምና ከሦስተኛ ፎቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በተከፈተ በር ገብተው ቴሌቪዥን ነቅለው ሄዱ። እኔ ጭንቀት ያዘኝ። እማዬን በርሽን ዝጊ ብላት «ቴሌቪዥኑን ከፈለጉ ይውሰዱት፣ እኔን ይተዉልኝ» አለች። ከሰባ ሁለት ዓመት ሴት ጋር ክርክር እንደማያዋጣ ስረዳ መላ ፍለጋ ወደ ዕቃ ዞርኩ።

ዕቃው ሴንሰር ይባላል። ክብሪት የማያክሉ ሁለት ቁራጮች ናቸው፤ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ መቃኑ ላይ ይለጠፋል። ሲራራቁ «ተከፈተ» ብለው ሳሎን ለተቀመጠው፣ እናት መሣሪያ ለሚባለው አለቃቸው ያቃጥራሉ፤ እሱ ደግሞ በኢንተርኔት አድርጎ ሰሚት ድረስ ስልኬን ያስጮኸዋል። ለበሩ አንድ፣ ለመስኮቶቹ ሁለት ገዝቼ አንድ እሑድ ከሰዓት መጣሁላት።

ሴንሰርን ከእናት መሣሪያው ጋር ማስተዋወቅ ሽማግሌ ልኮ ሴት ልጅ የመጠየቅ ያህል ነው። የባትሪውን ላስቲክ ትስባላችሁ፣ ሰማያዊ መብራት እስኪያርገበግብ ቁልፉን ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ ስልኩ «እየፈለግሁ ነው» ይላል፤ ትጠብቃላችሁ፤ «አላገኘሁም» ይላል። መስኮቶቹ እሺ አሉ። በሩ ሦስት ጊዜ እምቢ አለኝ። ለካ የኮንዶሚኒየም በር ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ወሬውን ያፍነዋል። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጬ ከሥሩ ባደርግለት እሱም ታረቀ። እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና ታየኛለች።

«ምኑ ነው እንዲህ ደጅ የሚያስጠናህ?»

«ሰው ሲገባ ይነግረኛል፣ እማዬ።»

«ጆሮ ጠቢ ነዋ!»

በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ቃል ለቀልድ እንደማይጠቀምበት እያወቅሁ ሳቅሁባት።

በመጨረሻ ስልኩ ጥያቄ አበዛብኝ። በሩ ሲከፈት ልንገርህ? አዎ። ክፍት ከቀረ ላስታውስህ? አዎ። እስከ ረፋድ ድረስ ካልተከፈተስ ልንገርህ? እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። አልተከፈተም ብሎ ደውል አለ እንዴ! ሰው የሚፈራው የሚገባበትን ነው። አያስፈልግም አልኩት።

ከዚያ ወዲያ «ክፍት ቀርቷል» እያለ በየአሥር ደቂቃው ስለሚነዘንዘኝ እኔም እየደወልኩ እሷን ነዘነዝኳት። ሰለቻትና ዘጋችው፤ መጋረጃውንም አውርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አሁን ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ይጮህ ጀመር። ስብሰባ ላይ ቲው ይላል፤ ወጥቼ እደውላለሁ።

«ማነው የገባው?»

«ዘይነባ።»

ቲው።

«አሁንስ?»

«የዘይነባ ልጅ፣ ወንፊት ልትመልስ።»

ቲው።

«አሁንስ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ቆሻሻ ልደፋ ወጣሁ፤ ይፈቀድልኛል?»

ወሬው በደረጃው ወጥቶ ወረደ። እማማ አስካለ ቤት የገባ ሁሉ ልጃቸው ስልክ ላይ ይታያል ተባለ። አይታይም ነበር፤ ግን ማን ያስረዳል? ሰው አፈረ። ወንፊቱ ከሌላ ቤት ተፈለገ። ዘይነባም ከተዘጋው በር ውጭ ቆማ «እንዴት አደሩ?» ብላ፣ «ይመስገን» የሚለውን ሰምታ ብቻ መውረድ ያዘች። ስልኬ ጸጥ አለ፤ እኔ ሰላም ወረደ አልኩ።

አንድ እሑድ እማዬ «ሰው ቀረብኝ» አለችኝ።

«ሌባም ቀረ» አልኳት። በመልሴ ኮራሁ፣ አይገርማችሁም? ዛሬ ያቺን መልስ መልሼ ብውጣት በወደድኩ።

ማክሰኞ ዕለት ስልኬ አንዴም አልጮኸም። ምሳ ሰዓት ላይ ከፍቼ ባየው በአረንጓዴ ጽፎልኛል፤ «ሁሉም በሮችና መስኮቶች ዝግ ናቸው። ቤትዎ ደህና ነው።» አብሮኝ ለሚበላው ባልደረባዬ አሳየሁትና «አንተ እኮ ጉደኛ ነህ» ተባልኩ። ከሥራ ስወጣ ደወልኩላት፤ አታነሣም። ስልኳን ቻርጅ ማድረግ ትረሳለች። ደግሞስ ቤቱ ደህና ነው ተብዬ የለም?

ረቡዕ ረፋዱ ላይም አላነሣችም። ከሥራ እንዴት እንደወጣሁ፣ በምን ልደታ እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ደረጃውን ግን አስታውሳለሁ፣ አላልቅ ብሎኝ ነበር። በሩን አንኳኳሁ፣ ተጣራሁ። የያዝኩትን ቁልፍ አዙሬ ስገፋው ስልኬ ከኪሴ ውስጥ ቲው አለ። በሩ መከፈቱን እየነገረኝ ነው።

እማዬ መስኮቱ ሥር ወድቃለች። ሐኪሙ የወደቁት ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ብዙም ሳይቆዩ ዐርፈዋል አለኝ። እኔን ለማጽናናት ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም፤ መልሱን ፈራሁት።

ዘይነባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ማክሰኞ እንዴት አደሩ ብያቸው አልመለሱም፣ ጋሼ። ላንኳኳ እጄን አነሣሁ፤ ደግሞ ቢከፍቱልኝ እርስዎን ሥራ ላይ እረብሻለሁ ብዬ… ተኝተው ይሆናል ብዬ ተውኩት።» ምን እላታለሁ? እንዳታንኳኳ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ለቅሶ ቀደመኝ።

ለቅሶ ቤት ነውና በሩ ተከፈተ። የእድር ሰዎች ግድግዳው ድረስ አስጠግተው በብሎኬት ደገፉት፤ ዘይነባ መጋረጃውን ከቁም ሣጥን አውጥታ ሰቀለችው። ፎቁ ሁሉ ገባ፣ ሠፈሩ ሁሉ ገባ። ወንፊት የምትዋሰዋ ገባች፣ ቴሌቪዥን የተሰረቀበት ሰውዬ ገባ። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬ በየአሥር ደቂቃው «በርዎ ክፍት ቀርቷል» ይለኛል። ማጥፋት እችል ነበር፤ አላጠፋሁትም። ስድብ የሚገባው ሰው ቆሞ ይሰማል።

በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሰውም ተሰናበተ። ብሎኬቱን አንሥቼ በሩን በገዛ እጄ ዘጋሁና ደረጃው ላይ ቆሜ ስልኬን አየሁት። ንዝንዙን ትቶ በአረንጓዴ ጽፎልኛል።

«ሁሉም በሮችና መስኮቶች ዝግ ናቸው። ቤትዎ ደህና ነው።»