ከቤዝመንት የተጠራው ሽማግሌ

ሰው አንዴ «ዶክተር» ከተባለ በኋላ የምን ዶክተር ነው ብሎ መጠየቅ እኛ ዘንድ ነውር ይመስላል። እናንተ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ማዕረጉን ከሰማን ይበቃናል፤ ወገቡን የሚያመው ወገቡን፣ የመንግሥት ደብዳቤ ያልገባው ደብዳቤውን ይዞ ይሰለፋል።

የእኛ ቤት ዶክተር ሀንጋሪያዊ ናቸው። ስማቸው ላስሎ ነው። ሲያትል፣ ቢከን ሂል ላይ ያለው ቤታችን ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤቱ ውስጥ ተከራይተው መኖር ከጀመሩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ለአንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምሩ ከቡዳፔስት የመጡ፣ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ሳይነገራቸው በር ላይ ጫማቸውን የሚያወልቁ፣ ሲያጎርሷቸው እንቢ የማይሉ ጨዋ ሰው ናቸው። ባለቤቴ ትዕግሥት ገና በመጀመሪያው ሳምንት «እኚህማ የእኛው ሰው ናቸው» ብላ ፈረደች። ቤተ ክርስቲያን ይዘናቸው የሄድን ቀን ፓርኪንጉ ላይ ወይዘሮ አስካለና ሌሎች ሁለት እናቶች ተራ በተራ ጉልበታቸውን አሳዩዋቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ አዩላቸው። ምን ያድርጉ?

የምን ምሁር እንደሆኑ በራሴ ምርመራ ደርሼበት ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ሁልጊዜ ካርታ ያለበት መጽሐፍ ተዘርግቶ አያለሁ፤ ተራራው፣ ወንዙ፣ ድንበሩ ሳይቀር የተሣለበት። የጂኦግራፊ ሰው ናቸው አልኩ። አንድ ቀን እንደ አዋቂ ጠጋ ብዬ «ይሄ አገር የት ነው የሚገኘው?» ብላቸው፣ «የትም» አሉኝ። ድምፃቸው ያዘነ መሰለኝ። ምስኪን፣ ጦርነት ያጠፋው የዘመዶቻቸው አገር ይሆናል ብዬ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አድርጌ ወጣሁ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ። ትልቋ ልጄ ማህሌት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን እየጨረሰች ነው። ነርሲንግ ተቀብሏታል። የመግቢያ ደብዳቤዋን እኔው ራሴ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። እናቷ ትዕግሥት ታኮማ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሁለቱ አክስቶቿም ነርሶች ናቸው፤ በእኛ ቤተሰብ ነርስነት በደም የሚወረስ ይመስለኝ ነበር። ሰኞ እራት ላይ ታዲያ ልጅት ጉሮሮዋን ጠረገችና፣

«ባባ፣ ነርሲንጉን አክሴፕት አላደርግም። ፋንታሲ ሊትሬቸር ነው የማጠናው» አለች።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«ድራጎን፣ ጠንቋይ፣ ሰው የፈጠረው አገር... የእነሱ ታሪክ።»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። አሥራ አራት ዓመት ቱክዊላ መጋዘን ውስጥ ሳጥን የገፋሁት ለዘንዶ ነው? ለነርሲንጉ መልስ የምትሰጥበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዓርብ ነው። አራት ቀን! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ልጄ ሰው የሚስቅበት ትምህርት ተምራ ብቻዋን እንዳትቀር ፈራሁ።

እኛ ቤት ነገር ሲጠና ሽማግሌ ይጠራል። ሲያትል ላይ ሽማግሌ ማግኘት ግን የሐኪም ቀጠሮ ከማግኘት ይከብዳል። አንዱ ሽፍት አለበት። አንዱ ልጁን ሊጠይቅ ፖርትላንድ ሄዷል። አንዱ «ዙም ላይ ልምከራት?» አለኝ። በስልክ ስንከራተት ከቆየሁ በኋላ ነው ጺሙ ትዝ ያለኝ። የሸበተ፣ የተማረ፣ አሥራ ሁለት ደረጃ ብቻ ወጥቶ የሚደርስ ሽማግሌ እግዜር ቤዝመንቴ ውስጥ አስቀምጦልኝ እኔ ከተማ አስሳለሁ!

«ሐሙስ ኦፍ ነኝ፣ ሥራ አልገባም። ያን ቀን ዶክተር ይመክሩሻል» አልኳት።

«ኦኬ» አለች።

ክርክር የለ፣ ኩርፊያ የለ። መጠርጠር ነበረብኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ዶክተር ከረባት አስረው ብቅ አሉ። ሻይ ቀረበ። ማህሌት ፊት ለፊታቸው፣ እኔና ትዕግሥት ከጎን፣ ታናሽ እህቷ ሶስና ስልኳን ይዛ ሶፋው ጥግ። ተነሥቼ ለጥ ብዬ እጅ ነሣሁና በዚያችው እንግሊዝኛዬ ነገሩን አስረዳሁ። «ይቺ ልጅ ነርሲንግን የሚያህል ነገር ትታ ስለ ድራጎን ላጥና ትላለች። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። እባክዎ፣ አትግቢበት ይበሉልኝ።»

ዶክተር ጺማቸውን ዳሰሱ። ማህሌት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ሰለሞን፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት የማስተምረው እኮ እሱን ነው።»

ኧረ መሬት ተከፈቺልኝ! ቀድማ ያገገመችው ትዕግሥት ናት። «ታዲያ የወይዘሮ አስካለን ጉልበት ምን ብለው ነው ያዩላቸው?»

«በአዘኔታ» አሉ ዶክተር።

ይህ ሁሉ ሆኖ የተጠሩበትን አልረሱም። ወደ ማህሌት ዞሩና የለመንኳቸውን ፈጸሙ። «አትግቢ» አሏት። የባቡር መካኒክ ልጅ መሆናቸውን ነገሯት፤ አባታቸው ኢንጂነር ሁን ብለው ሦስት ወር አኩርፈዋቸዋል። መምህሮቻቸው «ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መልሰውባቸው ሁለተኛ ጽፈዋል። አሥር ዓመት ቀን ቀን የእንግሊዝኛ ሰዋስው እያስተማሩ፣ ስለ ዘንዶ የሚጽፉት በትርፍ ጊዜያቸው ነበር። ባለቤታቸው ለዘመዶቿ «የሕግ ሰው ነው» እያለች ነው የኖረችው። በስንት ልመና ኮርሱ ሲፈቀድላቸው የመጡት ተማሪዎች ሰባት ናቸው፤ አንዷ ክፍል ተሳስታ ነው የገባችው።

«እና ወጣች?» አልኩ፤ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«አልወጣችም። ዛሬ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ኮርሱን የምታስተምረው እሷ ናት» አሉና ፊታቸው በራ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ እንዴት እንደሞላ፣ ተማሪ መስኮት ላይ ተቀምጦ እንዴት እንደተማረ፣ የሳቁባቸው መምህር ጡረታ ወጥተው ከኋላ ወንበር ላይ እንዴት እንዳገኟቸው ተረኩልን። ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ «ከዚያስ? ከዚያስ?» እላለሁ። ሲጨርሱ ግን እንደገና ኮስተር ብለው፣ «መንገዱ ከባድ ነው፤ ብቸኝነት አለበት። አትግቢ» ብለው ተነሡ። ከዚህ በላይ ምን ይበሉልኝ?

ዓርብ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ደብዳቤው የለም። ማህሌት ነርሲንጉን እንቢ ብላ ጽፋ፣ ልካ፣ ቁርሷን እየበላች ነው። እየተንደረደርኩ ቤዝመንት ወረድኩ።

«ዶክተር፣ አትግቢ ብለዋት እኮ ገባች!»

አልደነገጡም። ከመደርደሪያው ስማቸው ያለበትን ወፍራም መጽሐፍ አወጡ። «የኔ ጥናት ምን ላይ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኸኝም» አሉ። «ጫካው መግቢያ ላይ ቆሞ 'አትግባ' የሚለው ሽማግሌ ላይ ነው። በየታሪኩ አለ። ሠላሳ ዓመት ፈለግሁ፤ 'አትግባ' ተብሎ የተመለሰ አንድ ሰው አላገኘሁም።»

«ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን አሏት?»

«አንተ ለመንከኝ። ደግሞም የሚጠብቃትን አውቃ መግባት አለባት። ብቻዋን እንዳትሆን እኔ ተማሪዎቼን አስተዋውቃታለሁ።»

ምን ይባላል? አቀፍኳቸው። ደረጃውን ስወጣ ፍርሃቴ እንደቀለለኝ አልደብቃችሁም። ማህሌት ዛሬ ካርታ ያለበት መጽሐፍ ተሸክማ ትመጣለች፤ እኔ ከቱክዊላ ስመለስ ደግሞ ምዕራፉን ታስረዳኛለች። ቤተ ክርስቲያን «ልጅህ ምን ታጠናለች?» ሲሉኝ፣ «ዶክተር ልትሆን ነው» እላለሁ። ማንም የምን ብሎ አልጠየቀኝም።

እኔ ግን ከተማረ ሰው ጋር ውዬ እንዲሁ የምቀር አይደለሁም። ብልሃቱን ካወቅሁ ሶስና ላይ ልሞክረው አልኩ። እሑድ ምሳ ላይ ፊቴን አጨፍግጌ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጌ፣ «ሶስና፣ ስሚኝ! አንቺ ነርስ ትሆኛለሽ የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳልሰማ! በፍጹም አትግቢበት!» አልኳት። ትዕግሥት አፏን ከፍታ ቀረች።

ሶስና ከስልኳ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኦኬ፣ ባባ» አለች።

ከተወለደች ጀምሮ ስትታዘዘኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።